«ጁዲሻል» የሚለውን ምን ብለን እንተርጉመው? «ሕጋዊ» ወይስ «የፍርድ ቤት»?

ተርጓሚ ዘደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ሰነድ እንተረጉማለን። ይቺ «ጁዲሻል» የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል አስቸግራናለች። አንዱ «ሕጋዊ» ይላታል፣ አንዱ «የፍርድ ቤት»፣ ሌላው «ፍትሐዊ»። አሁን እጃችን ላይ ያሉት ሦስት ናቸው፦ ከእንግሊዝ የመጣ «ጁዲሻል ሴፓሬሽን» የሚል የትዳር ሰነድ፣ «ጁዲሻል ኖቲስ» የሚል ሐረግ ያለበት የውጭ አገር ውሳኔ፣ እና «ጁዲሸስ ዩዝ ኦፍ አንቲባዮቲክስ» የሚል የጤና መመሪያ። የምታውቁ እስቲ አስረዱን።

የመንዝ ጠበቃ
«ሕጋዊ»ን ዛሬውኑ አውጡት፤ እሱ የ«ሊጋል» ቦታ ነው። ነገሩ ቃል ማሳመር እንዳይመስላችሁ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ ሁለቱን ለያይቷቸዋል። በፍርድ የተከለከለ ሰው አለ፣ በሕግ የተከለከለ ሰው አለ። የመጀመሪያው በአእምሮ ሕመም ወይም በጤና ጉድለት ምክንያት፣ ጥቅሙ እንዲጠበቅለት ፍርድ ቤት አይቶ የሚከለክለው ነው፤ እንግሊዝኛው «ጁዲሻል ኢንተርዲክሽን» ይለዋል። ሁለተኛው በወንጀል ተቀጥቶ፣ በቅጣቱ ምክንያት ንብረቱን እንዳያስተዳድር ሕጉ የሚከለክለው ነው፤ እሱ «ሊጋል ኢንተርዲክሽን» ነው። ሁለቱን ካደባለቃችሁ የታመመውን ሽማግሌ ወንጀለኛ አደረጋችሁት ማለት ነው።

«ፍትሐዊ»ም አይሆንም። ፍትሐዊ ማለት ማመስገን ነው፤ «ጁዲሻል» ውስጥ ምስጋናም ወቀሳም የለም። ዳኛ ተሳስቶ የወሰነውም ውሳኔ ጁዲሻል ነው።

ሸዋ ሮቢት
ጠበቃው ልክ ናቸው፤ ግን «የፍርድ ቤት» ብሎ መዝጋትም አያዋጣም። ሕገ መንግሥቱን ሁለቱንም ቅጂ ጎን ለጎን ይዛችሁ ተመልከቱ። አንቀጽ 79 ላይ «ጁዲሻል ፓወር» የሚለው በአማርኛ «የዳኝነት ሥልጣን» ነው። እዚያው አንቀጽ ላይ እንግሊዝኛው «ጁዲሻል አድሚኒስትሬሽን ካውንስል» ሲል አማርኛው «የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ» ይላል። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ቦታ ሁለት መልክ ያዘ። በአንቀጽ 106 መሠረት ደግሞ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ስለሆነ፣ እዚያ ያለውን ስያሜ እንዳለ ውሰዱ እንጂ አዲስ አትፍጠሩ።

ስያሜ ከሌለ ከቃሉ ቀጥሎ የመጣውን ስም እዩ። ሥልጣን ወይም ነፃነት ከሆነ «የዳኝነት»፤ ሥልጠና ወይም ሹመት ከሆነ «የዳኞች»፤ ትእዛዝ ወይም ሐራጅ ከሆነ «የፍርድ ቤት» ወይም «በፍርድ ቤት ትእዛዝ»። ብቻ ዳኝነት በእኛ ቋንቋ የኳስ ሜዳውንም የሽማግሌውንም እንደሚጨምር አትርሱ፤ እንግሊዝኛው እዚያ ድረስ አይሄድም።

«ኤክስትራጁዲሻል ኪሊንግ»ን «ከፍርድ ቤት ውጭ የተፈጸመ ግድያ» ብሎ የጻፈ አይቻለሁ። ሰውየው የፍርድ ቤቱ በር ላይ የተገደለ አስመሰለው! «ያለ ፍርድ የተፈጸመ ግድያ» ነው። ስምምነት ወይም ዕርቅ ሲሆን ግን «ከፍርድ ቤት ውጭ» ትክክል ነው።

የመንዝ ጠበቃ
«ጁዲሻል ሪቪው» ላይም ተጠንቀቁ፤ ፍርድ ቤት ሕግን ወይም የመሥሪያ ቤት ውሳኔን መመርመሩ ነው እንጂ ይግባኝ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት የወጣን ሕግ ከሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብሎ ሊሽር ይችላል፤ ከ1803ቱ የማርበሪና ማዲሰን ክርክር ጀምሮ የተተከለ ነገር ነው። እኛ ጋ የሕገ መንግሥት ክርክር የሚወሰነው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ አንቀጽ 83። ፍርድ ቤት የመሥሪያ ቤትን መመሪያና ውሳኔ የሚመረምርበት መንገድ በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተቀምጧል፤ እሱም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው የሚመለከተው። ስለዚህ ስለ ሕግ ነው ወይስ ስለ መሥሪያ ቤት ውሳኔ የሚያወራው? መጀመሪያ እሱን ለዩ።

አንጎለላ
ወደ ሦስቱ ሰነዶች እንምጣ።

«ጁዲሸስ» ከሥሩ ካልሆነ በቀር ከፍርድ ቤት ጋር ጉዳይ የለውም፤ አስተዋይ፣ ጥንቁቅ ማለት ነው። «አንቲባዮቲክን አመዛዝኖ መጠቀም» በሉት።

«ጁዲሻል ኖቲስ» ማስታወቂያም መጥሪያም አይደለም። ሁሉ የሚያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ቀን ከሳምንቱ በየትኛው ላይ እንደዋለ፣ ፍርድ ቤቱ ማስረጃ ሳይጠይቅ መቀበሉ ነው። «ፍርድ ቤቱ ግንዛቤ ወስዷል» ብትሉ ጠበቃም ዳኛም ይገባዋል።

አደገኛው «ጁዲሻል ሴፓሬሽን» ነው። በእንግሊዝ ሕግ ባልና ሚስቱ አብረው የመኖር ግዴታቸው ቀረ ማለት ነው እንጂ ጋብቻው አልፈረሰም፤ ሌላ ማግባት አይችሉም። «ፍቺ» ብላችሁ ከተረጎማችሁት ሰውየው በእናንተ ወረቀት የላጤነት ማስረጃ ያወጣና ሁለተኛ ጋብቻ ይፈጽማል። ያ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። «ጋብቻው ሳይፈርስ ተለያይቶ ለመኖር በፍርድ ቤት የተሰጠ ትእዛዝ» ብላችሁ ጻፉት፤ ረዘመ ብላችሁ አትቁረጡት።

ተርጓሚ ዘደብረ ብርሃን
እግዚአብሔር ይስጥልን። ባለጉዳዩ ግን «ተፋትቻለሁ፣ ፍቺ በሉልኝ» ብሎ ቆሟል። ከሰነዱ ላይ እንዴት እናረጋግጥ?

አንጎለላ
አርእስቱን አንብቡ። በእንግሊዝ ፍቺ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 6 ቀን 2022 ወዲህ በቀረበ ማመልከቻ የተሰጠው «ፋይናል ኦርደር» ይላል፤ ከዚያ በፊት የነበረው «ዲክሪ አብሶሉት» ነው። «ዲክሪ ናይሳይ» ወይም «ኮንዲሽናል ኦርደር» ከሆነ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ጋብቻው አልፈረሰም። «ፋይናል ኦርደር» ወይም «ዲክሪ አብሶሉት» ካላመጣ ያለውን ወረቀት እንዳለ ተርጉሙለት፤ ፍቺውን ካገኘ ሰነዱን ለብቻው ያምጣ።