የጄምስ ቦንድ ፊልሞች በሦስት ትውልድ ዓይን፦ ለክረምቱ የፊልም ምሽቶች የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት

ከፊልም ንዑስ ኮሚቴው ጸሐፊ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤ በመጪው ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በአዳራሻችን ስለምናሳያቸው ፊልሞች ለሥራ አመራሩ የሚቀርበውን ፕሮፖዛል በጋራ እንድናዘጋጅ የመጀመሪያውን ሐሳብ አቀርባለሁ። የመረጥሁት እዚሁ በምንኖርባት በለንደን ተጀምሮ ከስልሳ ዓመት በላይ የዘለቀውን፣ የእንግሊዙን ሰላይ የጄምስ ቦንድን ተከታታይ ፊልም ነው። የመጀመሪያው፣ «ዶክተር ኖ»፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 5 ቀን 1962 ፒካዲሊ ሰርከስ በነበረው ለንደን ፓቪሊየን ሲኒማ ቤት ተመረቀ፤ ሃያ አምስተኛው፣ «ኖ ታይም ቱ ዳይ»፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2021 በሮያል አልበርት አዳራሽ ተመረቀ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በመካከሉ ስድስት ተዋንያን ተፈራርቀውበታል።

አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው አይተው እኩል ሊከራከሩበት የሚችሉት ፊልም ብዙ አይደለም። ቦንድን ሁሉም ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው ግን የየራሱን ቦንድ ነው። በሾን ኮነሪ የጀመረ ሰው የዳንኤል ክሬግን ሐዘንና ቁስል ሲያይ ሰላይነቱን ይጠራጠራል፤ በክሬግ የጀመረ ወጣት ደግሞ የሮጀር ሙርን ቀልድ እንደ ልጆች ፊልም ይቆጥረዋል። ሁሉም መጀመሪያ ያየውን እንደ መለኪያ ይዞ ሌላውን በዚያ ይመዝናል። ስለዚህ በስድስት ምሽት ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንድ አንድ ፊልም እንድናሳይ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ከአንጋፋ አባል

ሐሳቡን ከልብ እደግፋለሁ፤ በተዋናይ መከፋፈሉን ግን አልስማማበትም። ጆርጅ ላዘንቢ በ1969 አንድ ፊልም ብቻ ሠርቶ የተሰናበተ ሰው ሲሆን ሮጀር ሙር ከ1973 እስከ 1985 ሰባት ሠርቷል። ለሁለቱ እኩል ምሽት ብንሰጥ ስለ ተዋንያኑ እንማር ይሆናል፤ ስለ ተመልካቹ ግን የምናገኘው ትንሽ ነው። እኔ እንድንጠይቅ የምፈልገው ሰዉ በየዘመኑ ምን ይፈራ እንደነበረና ምን ነገር ሲያይ ዝም ይል እንደነበረ ነው።

«ዶክተር ኖ» በተመረቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር ሚሳይሎች የተፋጠጡበት የኩባ ሚሳይል ቀውስ ደረሰ። በካሪቢያን ደሴት ተሸሽጎ የአሜሪካን ሮኬቶች ስለሚያሰናክል ሰው የሚተርክ ፊልም በዚያ ወር ለተመለከተ ሰው ተረት ሆኖ ሊታየው አይችልም ነበር። ሆኖም ሠሪዎቹ ጥንቃቄ አድርገዋል፤ በቦንድ ፈጣሪ በኢያን ፍሌሚንግ ልብ ወለድ ዶክተር ኖ ከሶቪየቶች ጋር የሚሠራ ሲሆን፣ በፊልሙ ግን ስፔክተር የተባለና ለየትኛውም መንግሥት የማይገዛ የወንጀለኞች ድርጅት አባል ሆኖ ቀርቧል። በእኔ ግምት ተከታታዩን ለዚህ ዕድሜ ካበቁት ውሳኔዎች ዋነኛው ይህ ነው፤ ጠላቱ ከአንድ አገር ጋር ስላልታሰረ ዘመን ሲለወጥ አብሮ ሊለወጥ ቻለ።

ፊልሙ የተቀረጸው ጃማይካ ውስጥ ነው። በቀረጻው ጊዜ ደሴቲቱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ በምረቃው ጊዜ ግን ነጻ ከወጣች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። በውስጡ ክዋረል የሚባል ጥቁር ጀልባ ቀዛፊ አለ፤ ቦንድን በታማኝነት ይረዳዋል፣ ሕይወቱንም ያጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ቦንድ ጫማውን እንዲያመጣለት ያዝዘዋል። በወጣትነቴ ፊልሙን ስመለከት ያችን ትእዛዝ አልሰማኋትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ቤት ውስጥ ከልጄ ጋር ስናየው፣ እሷ ሪሞቱን አንሥታ አቆመችውና «አባዬ፣ ሰማኸው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ የሚጠብቀው ያችኑ ቃል ነው። ይህን የመሰለውን ነገር በግልጽ ካላነሣን ምሽቶቻችን ከትዝታ አያልፉም።

ከአንዲት አባል

የአንጋፋው አባላችን ሐሳብ በጣም አሳምኖኛል፤ የእኔን ዘመን ልጨምርበት። እኔ ያደግሁት «አክተር አይሞትም» በሚባልበት ጊዜ፣ አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ባለው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ፊልም በምናይበት ዘመን ነው። ፒርስ ብሮስናን በ1995 በወጣው «ጎልደንአይ» በሴንት ፒተርስበርግ ጎዳናዎች ታንክ እየነዳ ግንብ ሲደረምስ እንግሊዝኛውን ባንረዳም የጎደለብን ነገር አልነበረም። ፊልሙ በንግግር ምን እንደሚል የሰማሁት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው። በጁዲ ዴንች የምትተወነው አዲሷ አለቃው፣ ቦንድ ሴቶችን የሚንቅ፣ ከቀዝቃዛው ጦርነት የተረፈ ያለፈበት ሰው መሆኑን ፊት ለፊት ትነግረዋለች። እኔና ጓደኞቼ ያጨበጨብንለትን ሰው ፊልሙ ራሱ እየወቀሰው ነበር፤ ይህን ሳውቅ እንደ አዲስ ፊልም ነው ያየሁት።

ይህ ወቀሳ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከ1989 እስከ 1995 በባለ መብቶች ክርክር ምክንያት አንድም የቦንድ ፊልም አልወጣም፤ በዚያ ክፍተት የበርሊን ግንብ ፈረሰ፣ ሶቪየት ኅብረት ተበተነች፣ በ1992 ስቴላ ሪሚንግተን የአገር ውስጡን የጸጥታ መሥሪያ ቤት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ቦንድ የሚሠራበት የውጭ ስለላ መሥሪያ ቤት ደግሞ በሕግ ዕውቅና ያገኘው በ1994 በወጣ አዋጅ ነው፤ ተመልካቹ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሲኒማ ያውቀው የነበረውን መሥሪያ ቤት ሕጉ ዘግይቶ ደረሰበት።

ከ«ጎልደንአይ» በፊት በቲሞቲ ዳልተን የተሠራው የ1987 ፊልም፣ «ዘ ሊቪንግ ዴይላይትስ»፣ እንዲገባ እጠይቃለሁ። በዚያ ፊልም ቦንድ አፍጋኒስታን ውስጥ ሙጃሂዲን ከሚባሉት የአገሬው እስላማዊ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ ሶቪየቶችን ይወጋል፤ በዘመኑ ይህ ለምዕራቡ ተመልካች ማብራሪያ የማያሻው ወዳጅነት ነበር። አሜሪካ ላይ ከደረሰው የ2001 የሽብር ጥቃት በኋላ ያየው ሰው ግን ያንኑ ትዕይንት በሌላ ስሜት ነው የሚመለከተው። ከፊልሙ አንዲት ምስል እንኳ አልተለወጠችም።

«ኖ ታይም ቱ ዳይ»ንም በዚሁ ዓይን እንየው። ፊልሙ በኤፕሪል 2020 ሊወጣ ተዘጋጅቶ ሳለ በወረርሽኙ ምክንያት እስከ 2021 መጸው ቆየ፤ ታሪኩ በዘረመል ሰውን ለይቶ ስለሚገድልና በንክኪ ስለሚተላለፍ መሣሪያ ነው። ወዳጆቻችንን ሳንነካ ከዓመት በላይ ከቆየን በኋላ ሲኒማ ገብተን፣ ቦንድ የሚወዳቸውን ሰዎች ቢነካ እንደሚገድላቸው ሲረዳ አየን። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ጸጥታ አልረሳውም። ከዚያም አክተሩ ሞተ። ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔና እኅቴ ከወንበራችን አልተነሣንም፤ በመጨረሻም «ጄምስ ቦንድ ይመለሳል» የሚለው ጽሑፍ ወጣ።

ከወጣቶች ክፍል ተወካይ

ጋሼ፣ ስለ ጫማው የጻፉት ለእኛ ለወጣቶቹ ትልቅ ነገር ነው፤ እናመሰግናለን። እኔ ቦንድን መጀመሪያ ያወቅሁት በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ መክፈቻ ከንግሥቲቱ ጋር ሲወጣ ነው፤ ቤተሰባችን ቴሌቪዥን ፊት የተሰበሰበው ግን የኢትዮጵያ ቡድን ሲገባ ለማየት ነበር። በዚያው ዓመት በ«ስካይፎል» ጥቁሯ ተዋናይ ኔኦሚ ሃሪስ የቦንድ አለቃ ጸሐፊ የሆነችውን ማኒፔኒን ሆና ስትመጣ፣ ኋላም በ2021 ሌላዋ ጥቁር ተዋናይ ላሻና ሊንች 007 የሚለውን የቦንድን መለያ ቁጥር ስትይዝ አይቻለሁ። ለእኔ ይህ የተለመደ ነገር ስለነበረ የቀድሞዎቹን ፊልሞች ሳይ ደነገጥሁ።

ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ከየትኛውም ፊልም ምንም ነገር እንዳይቆረጥ፤ የሚያስከፋ ትዕይንት ካለ አስቀድሞ ይነገረን፣ ከዚያ ሙሉውን እንየው፤ የተቆረጠ ፊልም ስለ ዘመኑ የሚሰጠው ምስክርነት ሙሉ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ቢሆን እያንዳንዱ ትውልድ ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ይሄዳል።

ከአንጋፋ አባል

ልጄ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄህን ያለ አንዳች ማሻሻያ እቀበላለሁ። ሁለተኛው ግን ያሳስበኛል። ከ2021 ተነሥተን ወደ 1962 ብንወርድ «ዶክተር ኖ» በመጨረሻው ምሽት እንደ ተከሳሽ ይቀርባል፤ ፍርዱም አስቀድሞ የተሰጠ ይሆናል። በዘመኑ ለምን እንደ ተወደደ የሚጠይቅ አይኖርም። በዘመን ቅደም ተከተል ይሁን፤ መክፈቻውን የሚናገረው ግን ዘመኑ ያልሆነ ሰው ይሁን። አሮጌውን ፊልም ወጣቶች ይክፈቱት፣ አዲሱን እኛ እንክፈተው። ዘመኑ የሆነው ሰው ቀጥሎ ይመልስ።

ከፊልም ንዑስ ኮሚቴው ጸሐፊ

ውይይቱ በተዋናይ ከመከፋፈል ሐሳቤ በበቂ ምክንያት አውጥቶኛል። ተሻሽሎ ለሥራ አመራሩ የሚቀርበው ይህ ነው። አምስት ምሽቶች ይኖሩናል፤ በ«ዶክተር ኖ» ጀምረን፣ በ1977 የተሠራውንና የእንግሊዝና የሶቪየት ሰላዮች አብረው የሚሠሩበትን «ዘ ስፓይ ሁ ላቭድ ሚ» እናስከትላለን፤ የኃያላኑ ውጥረት የረገበበትን ጊዜ ስለሚያሳይ የሙርን ዘመን በእሱ ማየቱ ይበቃናል። ቀጥሎ «ዘ ሊቪንግ ዴይላይትስ»፣ «ጎልደንአይ» እና «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ይታያሉ። ምንም ትዕይንት አይቆረጥም፤ ማሳሰቢያው ከፊልሙ በፊት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይነገራል። መክፈቻው በአንጋፋው አባላችን ሐሳብ መሠረት ይሆናል።

ስለ አፈጻጸሙ፣ ቤት ውስጥ ለማየት የተገዛ ቅጂ ለአዳራሽ ስለማይፈቀድ የማሳያ ፈቃድ ወጪ በበጀቱ ይያዛል። የመጨረሻው ፊልም 163 ደቂቃ ስለሆነ ያ ምሽት ከሌሎቹ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጀምራል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጎን ባለው ክፍል ሌላ ዝግጅት ይኖራቸዋል። አሁን የሚቀረን የመክፈቻ ተናጋሪዎቹን መመደብ ነው።

ከአንጋፋ አባል

ተስማምቻለሁ፤ «ኖ ታይም ቱ ዳይ»ን እኔ እከፍታለሁ፤ እስካሁን ስላላየሁት ቀደም ብዬ ሁለት ጊዜ አየዋለሁ። ለ«ዶክተር ኖ» መክፈቻ ልጄን ጠይቄያት እሺ ብላለች። ስለ ጫማው እሷ ትናገር፤ መልሱን እኔ እሰጣለሁ።