ሰንዳፋ፣ ተዳፋት ቦታ፣ መረሬ አፈር፦ ቤቱን ከላይ ወይስ ከታች?

ጥያቄ፦ ቀበና_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰንዳፋ አካባቢ 500 ካሬ ቦታ (20 ሜትር በ25) ላይ 120 ካሬ የሚሆን ጂ+0 (ፎቅ የሌለው) ቤት ሊሠራ ነው። ቦታው ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘቀዝቃል፤ በውሃ ልክ ሲለካ በ25 ሜትሩ ውስጥ 1.75 ሜትር ይወርዳል። መንገዱም በሩም በታች በኩል ናቸው። ሦስት የሙከራ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ከላይኛው ወሰን 3 ሜትር ገባ ብሎ ጥቁሩ አፈር (መረሬው) 60 ሳንቲ ብቻ ነው፤ 12 ሜትር ላይ 1.4 ሜትር፤ 22 ሜትር ላይ 2.2 ሜትር። ከሥሩ በሦስቱም ላይ የተሰባበረ ቡናማ ድንጋይ አለ። በምዕራብ ከአጥሩ 4 ሜትር ርቆ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ተደርድሯል፤ ቁመቱ 15 ሜትር ይሆናል።

ኮንትራክተሩ ቤቱ ከታች በሩ አጠገብ ይሁን፣ ጥቁሩ ላይ 50 ሳንቲ ገረጋንቲ (ለሙሌት የሚውል ጠጠራማ አፈር) ተጠቅጥቆ ይሠራበት ይላል። ይህ ያዋጣል? በተጨማሪ በአካባቢው ድንጋይና በጭቃ መሥራት ይታሰባል። በዚህ አፈር ላይ ይሆናል ወይ?

መልስ፦ ፉቲንግ

50 ሳንቲ ገረጋንቲ አያዋጣም። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ላዩ ላይ የተነጠፈ ስስ ሙሌት አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ክፉው ነገር እኩል አለመነሳቱ ነው። የቤቱ መሐል በጣሪያና በወለል ስለተሸፈነ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ጠርዙ ግን በክረምት ይጠግባል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅና በክረምት አልዘጋ የሚል በር የሚመጡት ከዚህ ነው።

ላቦራቶሪ ከመሄድዎ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። አፈሩን አድርቀው ይፍጩና በቀጭን ወንፊት ይንፉ፤ 10 ሚሊ ሊትር ይለኩና 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ ልኬት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለው ይጨምሩት። በ24 ሰዓቱ የተቀመጠው አፈር 15 ሚሊ ሊትር ላይ ከሆነ እብጠቱ 50 በመቶ ነው፤ 20 ከደረሰ 100 በመቶ። ከ50 በታች ብዙም አያስጨንቅም፤ 100 ላይ ከደረሰ ግን ቀላል ቤትንም ይጎዳል። ይህ የአፈር ምርመራን አይተካም፤ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ግን በአንድ ቀን ያሳያል።

የቤቱን ቦታ በተመለከተ ጉድጓዶቹ ራሳቸው መልስ ሰጥተዋል። ቤቱን 12 በ10 ሜትር እንበል። በዙሪያው 1 ሜትር ጨምረን ስንቆፍር 168 ካሬ ነው። ከላይ፣ ከ3ኛው እስከ 13ኛው ሜትር ቢቀመጥ የጥቁሩ አማካይ ጥልቀት 1 ሜትር ገደማ ነው፤ 168 ሜትር ኩብ። ከታች ከ12 እስከ 22 ቢሆን አማካዩ 1.8 ነው፤ 302 ሜትር ኩብ። የተቆፈረ አፈር በ30 በመቶ ያህል ስለሚያብጥ፣ 16 ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ አንዱ 14 ምልልስ ሲሆን ሌላው 25 ነው። በዚያ ላይ የሚመለሰው ሙሌት አለ። ለበሩ ቅርብ ለመሆን ብሎ ይህን ያህል ማውጣት አያዋጣም።

ስለዚህ ቤቱ ከላይ ይሁን፣ ጥቁሩ ከሥሩ ጨርሶ ይውጣ፣ ፉቲንጉ (የመሠረቱ እግር) ቡናማው ድንጋይ ላይ ይረፍ። በ10 ሜትር የቤት ስፋት ውስጥ መሬቱ 70 ሳንቲ ይወርዳል፤ ያን ሁሉ በሙሌት ከማስተካከል ወለሉን ሁለት እርከን አድርጋችሁ በሦስት ባለ 15 ሳንቲ ደረጃ ብታገናኙት ሙሌቱ ይቀንሳል።

መልስ፦ ጥርብ_ድንጋይ

በፉቲንግ እስማማለሁ። የድንጋዩን ነገር ልጨምር።

የመሠረት ግንብ 50 ሳንቲ ውፍረት፣ ሞርታሩ 1 ለ 3 (አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ)። አሸዋው በሳጥን ይለካ፤ በአካፋ ግምት የተቦካ ሞርታር አንዱ ቀን ጠንካራ፣ አንዱ ቀን ልል ይሆናል። ዋናው ግን አሳሪው ድንጋይ ነው። የግንቡን ሁለት ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ በየ1 ሜትር ርቀትና በየ60 ሳንቲ ከፍታ ካልገባ፣ ከውጭ የሚያምር ግንብ ውስጡ በፍርካሽና በሞርታር የተሞላ ሁለት ስስ ግድግዳ ነው። ግንበኛው አሳሪ ማስገባቱን ማየት የሚቻለው ሲሠራ ቆሞ ነው፤ ካለቀ በኋላ አይታይም።

ከመሬት በላይም ድንጋይ ከሆነ በመሠረቱ ግንብ አናት (ግሬድ ቢም) እና በመስኮት አናት ላይ ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚሄድ ማሰሪያ ቢም ያስፈልጋል። ትንሹ አራት ባለ 12 ሚሊ ፌሮ፣ ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) ባለ 8 ሚሊ በየ20 ሳንቲ፤ የመጨረሻውን መሐንዲሱ ይወስን። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ያልታሰረ የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ የመሬት ንዝረትን አይችልም።

ለሙሌቱ ቀይ አሽ (ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ርካሽም ቀላልም ስለሆነ እሱን እመርጣለሁ። ውሃ ያሳልፋል፣ አያብጥም።

መልስ፦ ፉቲንግ

ጥርብ፣ ስለ አሳሪው ድንጋይ የጻፉት በሙሉ ልክ ነው። በቀይ አሹ ግን አልስማማም። ቀይ አሽ ውሃ የሚያሳልፍ መሆኑ እዚህ ጉዳት ነው። በዙሪያው ውሃ የማያሳልፍ መረሬ አለ፤ መሐሉን ቆፍረን ውሃ በሚያሳልፍ ነገር ብንሞላው የክረምቱ ውሃ ሁሉ ገብቶ ይቆማል። የጉድጓዱን ግድግዳ እያረጠበም ዙሪያውን ያሳብጣል።

ከጉድጓዱ ሥር በቧንቧ እናውጣው ቢባል ልኩ አይፈቅድም። ታችኛው ጠርዝ 13ኛው ሜትር ላይ ነው፤ የጉድጓዱ ወለል ከመሬት ወደ 1.5 ሜትር ይጠልቃል። ከዚያ እስከ ወሰኑ 12 ሜትር ብቻ ቀርቷል። መሬቱ በ7 በመቶ ሲወርድ 84 ሳንቲ ነው፤ ቧንቧው ራሱ 1 በመቶ መውረድ አለበትና ወደ ውጭ አይወጣም።

ይልቅ ውሃው ከላይ ይያዝ። ከቤቱ ሰሜን፣ ጥቁሩ 60 ሳንቲ በሆነበት፣ 80 ሳንቲ ጥልቀትና 40 ሳንቲ ስፋት ያለው ቦይ እስከ ቡናማው ድንጋይ ድረስ ይቆፈር። ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ይነጠፍ፣ ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ቀዳዳ ያለው የፒቪሲ ቧንቧ ይግባ፣ በጠጠር ተሞልቶ ጨርቁ ይታጠፍበት። ያለ ጨርቅ መረሬው ጠጠሩን በጥቂት ክረምት ይደፍነዋል። ቧንቧው በምሥራቅ በኩል ወደ ታች ሲዞር 13 ወይም 14 ሜትር ላይ ከመሬት ይወጣል፤ ልኩ ይበቃል። ሙሌቱ ግን ጥሩ ገረጋንቲ ይሁን፣ በየ20 ሳንቲ ንጣፍ እየተጠቀጠቀ፣ በላቦራቶሪ ከሚገኘው ከፍተኛ ጥግግት 95 በመቶ መድረሱ እየተፈተነ። 50 ሳንቲ በአንዴ አፍስሶ ላዩን ብቻ መጠቅጠቅ ከሥሩ ልል ያስቀራል። በላዩ 25 ሳንቲ ሃርድኮር (የድንጋይ ንጣፍ) እና 10 ሳንቲ የኮንክሪት ወለል።

በቤቱ ዙሪያ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ ወደ ውጭ ቢያንስ 3 በመቶ ይዘቅዝቅ። ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ፤ 2 ሳንቲ ክፍተት ትተው በሬንጅ ይሙሉት።

መልስ፦ ደቡብ_መስኮት

እዚህ አገር በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ ናት። ሰንዳፋ ላይ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከአድማስ 57 ዲግሪ ገደማ ላይ ትቆማለች፤ በሰኔ ወደ ሰሜን ዞራ ከ75 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። ስለዚህ የ12 ሜትሩ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፣ ሳሎኑና መኝታው ወደ ደቡብ ይክፈት። ቤቱ ከላይ ከሆነ ከፊቱ የሚጋርደው ነገር የለም።

ድንጋይና ጭቃ የት የት ይሁን የሚለውም ከዚሁ ይወጣል። የጭቃ ግድግዳ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ይፈልጋል፤ ቢያንስ 90 ሳንቲ። 90 ሳንቲ ክፈፍ ግን በታኅሣሥ ቀትር 1.4 ሜትር ግድግዳ ይጋርዳል፤ ከክፈፉ ሥር ያለ መስኮት ፀሐይ አያገኝም። ስለዚህ ደቡቡን በድንጋይ ይሥሩት፣ ክፈፉን ወደ 40 ሳንቲ ያሳጥሩት። ያ የሚጋርደው 62 ሳንቲ ብቻ ነው፤ የመስኮቱ አናት ከክፈፉ 30 ሳንቲ ዝቅ ካለ ፀሐይዋ ትገባለች። ድንጋዩ ዝናብ አይጎዳውም፣ የቀኑን ሙቀትም ለማታ ያቆያል። ጭቃው በሰሜንና በውስጥ ክፍልፋዮች ይሁን።

ለጭቃው ከቦታው የወጣውን ጥቁር አፈር አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ቀይ አፈር በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ሁለት ሳምንት ያህል እየረጠበና እየተረገጠ ይሰንብት። ልኩን ለማወቅ 60 ሳንቲ ርዝመት፣ 4 በ4 የሆነ የእንጨት ሳጥን ውስጡን ዘይት ቀብተው በጭቃው ይሙሉና ያድርቁት። ከ3 ሳንቲ በላይ ካጠረ አሸዋና ጭድ ይጨምሩ። ምርጊቱ ደርቆ ሳይሰነጠቅ ልስን አይቀቡ፤ ስንጥቁ ለልስኑ መያዣ ነው። ቋሚዎቹም መሬት ውስጥ አይቀበሩ፤ 60 ሳንቲ ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ ይቁሙ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሌሊት ሙቀቱ በብዛት የሚሄደው በቆርቆሮው ነው። ኮርኒስ ሳይኖር ስለ ግድግዳ መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ ቀበና_ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ። ቤቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ባሕር ዛፉንና ከታች የሚቀረውን መረሬስ ምን ይደረግ?

መልስ፦ ሰርዶና_ጽድ

በመረሬ ላይ ባሕር ዛፍ ከቤት ቢያንስ በቁመቱ ልክ ይራቅ ይባላል፤ ለተደረደረ ዛፍ አንድ ተኩል እጥፍ። ቤቱን ወደ ምሥራቅ ገፍተው 2 ሜትር ብቻ ቢተዉ እንኳ ከዛፉ 10 ሜትር ነው፣ አይበቃም። ነገር ግን ፉቲንጉ ድንጋይ ላይ ካረፈና ጥቁሩ ከወጣ ሥሩ ቤቱን አይጎዳም። የሚጎዳው አጥሩን ነው። የምዕራቡ አጥር አንድ ወጥ ግንብ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ በየ5 ሜትሩ የሚለያይ መጋጠሚያ ይኑረው፣ ወይም ከነጭራሹ የሰንሰል አጥር ይትከሉ። ጎረቤት ዛፉን ቢቆርጠው ተገላገልን አይበሉ፤ ሥሩ ያደረቀው አፈር ለዓመታት እየጠጣ ያብጣል።

የጣሪያው ውሃ ከሁሉ ይቀድማል። ክፈፉን ጨምሮ 140 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ዝናብ 4,200 ሊትር ነው። አሸንዳው ወደ 5,000 ሊትር ሮቶ ይውረድ፤ ሮቶው ድንጋዩ ቅርብ በሆነበት ከላይ ይቀመጥ፣ መረሬ ላይ ያጋድላል። ትርፉ በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ እስከ መንገዱ ይሂድ፤ የትም ቦታ አፈር ላይ አይፈስስ።

የሽንት ቤት ፍሳሽ በዚህ አፈር አይሰርግም። ሰርጓጅ ጉድጓድ ከመቆፈር የታሸገ ታንክ በሩ አጠገብ ይሠራ፤ መጣጭ መኪናውም ይደርስበታል።

ለአትክልቱ መረሬ ጥሩ አፈር ነው፤ ችግሩ በክረምት ውሃ መያዙ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እነዋሪ በምትባለው አካባቢ ገበሬው በእጁ የሚያወጣውን ዓይነት ሰፊ መደብ ይሥሩ፦ 80 ሳንቲ መደብ፣ 40 ሳንቲ ቦይ፣ ቦዩ 1 በመቶ ያህል እየዘቀዘቀ። ጎመንና ቀይ ሥር በመደቡ ላይ ይበቅላሉ። ጽድና ወይራ ውሃ የቆመበትን ስለማይወዱ ከላይ ይተከሉ። ታችኛው ጥግ ውሃ ካቆረ ቄጠማ ይሁን፣ በግድ አይድረቅ። መተላለፊያውን ኮንክሪት አያድርጉት፤ በ15 ሳንቲ ቀይ አሽ ላይ የተነጠፈ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢያጋድል ተነስቶ ይስተካከላል። ቀይ አሽ ቦታው እዚህ ነው።

መልስ፦ ፉቲንግ

ስለ ጊዜው ብቻ ልጨምር። ቁፋሮው ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይጀመር፣ የተቆፈረውም ክፍት አይደር። ፉቲንጉ የሚያርፍበት እንደተጠረገ በዚያው ዕለት 5 ሳንቲ ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ያነሰ ስስ ኮንክሪት) ይፍሰስበት። ዝናብ ካገኘው የረጠበውን ጠርጎ አውጥቶ እንደገና መጀመር እንጂ በላዩ ማፍሰስ የለም።