ብሌድ ሰርቨር በርካሽ አገኘሁ፤ ልግዛው ወይስ ሁለት ራክ ሰርቨር ይሻለኛል?

ባለመጋዘኑ፦

ሰላም ለሁላችሁም። መርካቶ ያለ አስመጪ ድርጅት ውስጥ አይቲ ነኝ። ብቻዬን። ሰራተኛው 40 ገደማ ነው። ያለን ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራም)፣ የፋይል ሰርቨር፣ የካሜራ ቀረጻ እና አንዲት የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ነው። ሁሉም የሚሰሩት በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ሀርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል።

ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ሰው ኤችፒ ሲ7000 ቻሲስ (ብሌድ የሚባሉ ስስ ሰርቨሮች የሚሰኩበት ትልቅ ሳጥን) ከስድስት ብሌድ ጋር አቀረበልኝ። ብሌዶቹ ቢኤል460ሲ ጄን8 ናቸው። በዚያው ዋጋ ሁለት ያገለገሉ ዴል አር720 አገኛለሁ፤ ራክ በሚባለው የሰርቨር መደርደሪያ ላይ ለየብቻ የሚገቡ ሰርቨሮች ናቸው። አለቃዬ "ስድስት ከሁለት አይበልጥም እንዴ?" ይላል። ምን ልበለው?

የጓዳ ሰርቨር፦

ወንድሜ፣ ካልከፈልክ አሁኑኑ ስልክህን አጥፋ። እኔ ከአራት ዓመት በፊት ይሄንኑ ሲ7000 ለአንድ የግል ትምህርት ቤት አስገዝቼ፣ ርዕሰ መምህሩ እስካሁን ባየኝ ቁጥር ይስቃል።

ቻሲሱ ቁመቱ 10 ዩ (የራክ ቁመት መለኪያ) ነው፤ 44 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ። ሙሉ ከሆነ ከ200 ኪሎ ያልፋል። የእኛ ሰርቨር ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ነበር። ወዛደሮቹ ደረጃው መሀል ላይ ሲደርሱ ዋጋ ጨመሩ፤ አልፈረድኩባቸውም። ስናበራው አስሩም ፋኖች አንድ ላይ ተነሱ። የ4ኛ ክፍል አስተማሪዋ "ጀነሬተር ገባ እንዴ?" ብላ መጣች።

ድምፁን ለመድነው። ያልለመድነው የመብራቱን ሂሳብ ነው። ስድስት ብሌድ ይዞ፣ ምንም ሳይሰራ፣ 1,300 ዋት አካባቢ ይስብ ነበር። የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሰህ ቀን ከሌት እንደ መተው ቁጠረው። በወር ከ900 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል፤ በታሪፍህ አባዛው። ከዚህ ላይ ጥሩ ድርሻውን የሚበላው ራሱ ቻሲሱ ነው። ፋኖቹ፣ ከኋላ ያሉት ስዊቾች፣ መቆጣጠሪያ ሞጁሉ። አንድ ብሌድ ብቻ ብታስቀር እንኳ እነሱ አይጠፉም። ዩፒኤሳችን 3 ኪሎ ቪኤ ነበር፣ ባትሪው ያረጀ። መብራት ሲሄድ ጥበቃው ጀነሬተር እስኪያስነሳ አያደርስም። የእኛ ጥበቃ ደግሞ መጀመሪያ ጋቢውን ያስተካክላል።

ሻጩ የማይነግርህን ልንገርህ። ብሌድ ብቻውን ሰርቨር አይደለም። የራሱ ፓወር ሰፕላይ የለውም፣ ፋን የለውም፣ የኔትወርክ ገመድ የምትሰካበት ቀዳዳ የለውም። ሁሉንም ከቻሲሱ ነው የሚበደረው። ከኋላ የኢንተርኮኔክት ሞጁል (ብሌዶቹን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ክፍል) ካልተሰካ ኔትወርክ የሚባል ነገር አታይም። ቻሲሱ ከነሞጁሉ መሆኑን ጠይቀሃል? እኔ አልጠየቅኩም። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ስጠብቅ ሁለት ወር ሄደ።

ዲስኩ ደግሞ አለ። ቢኤል460ሲ የሚይዘው ሁለት ትንንሽ ዲስክ ብቻ ነው። የካሜራ ቀረጻህን የት ልታደርገው ነው? አር720 እንደ ሞዴሉ ስምንት ባለ 3.5 ኢንች ወይም አስራ ስድስት ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ይይዛል። የራም ቦታውም 24 ነው። ሁለቱን ግዛና በአንዱ ላይ ፕሮክስሞክስ (አንዱን ሰርቨር ቨርቹዋል ማሽን ወደሚባሉ ብዙ ኮምፒውተሮች የሚከፋፍል ሶፍትዌር) ጫን፤ አራቱንም ስራ በየቨርቹዋል ማሽኑ ለያየው። ሁለተኛው ባክአፕ ይቀበል። አንዱ ከሞተ በሌላው ታስነሳለህ።

ለአለቃህ ስድስት ሰርቨር እንደማያስፈልጋችሁ ንገረው። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ተኩል ነው።

አሽበርን ያለሁት፦

ሰላም ከቨርጂኒያ። እዚህ ዳታ ሴንተር ውስጥ ቴክኒሻን ነኝ። በላይኛው እስማማለሁ፤ ግን ብሌድን እንዲሁ አናጥላላው። በ10 ዩ ውስጥ 16 ሰርቨር ቀላል አይደለም። በአንድ 42 ዩ ራክ አራት ቻሲስ ብትደረድር 64 ሰርቨር ታገኛለህ፤ በባለ 1 ዩ ሰርቨር ከ42 አታልፍም። ገመዱም በጣም ይቀንሳል። ስሪ ፌዝ መስመርና ደህና ማቀዝቀዣ ያለህ ባንክ ብትሆን ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።

እኔም አንድ ጊዜ ቤቴ ላስገባው ብዬ ነበር። ፓወር ሰፕላዮቹ ከ200 እስከ 240 ቮልት ነው የሚፈልጉት፤ የዚህ አገር የቤት ሶኬት 120 ነው። የልብስ ማድረቂያውን መስመር ልንቀል ስል ባለቤቴ "እሱን ወይም እኔን" አለች። እናንተ ጋ 220 ነው፣ በዚህስ ታድላችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ዴል ወደ ሰርቨሩ ለሚገባው አየር ያስቀመጠው የ35 ዲግሪ ገደብ ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ላንተ ወደ 30 ይወርዳል ማለት ነው። "አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ኤሲ ምን ያደርጋል" የሚልህን አትስማ። መስኮት የሌለው ክፍል ከሆነ በር ዘግተህ ለአንድ ቀን ቴርሞሜትር ተውበት።

ባለመጋዘኑ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ገላገላችሁኝ። አለቃዬ የመብራቱን ቁጥር ሲያይ ዝም አለ። አር720ዎቹን ልወስድ ነው። የካሜራው ካቢኔት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እዚያ ይገቡልኛል?

የጓዳ ሰርቨር፦

ጥልቀቱን ለካ። አር720 ወደ 70 ሴንቲሜትር ይሆናል። የግድግዳ ካቢኔት ብዙውን ጊዜ 45 ወይም 60 ነው። ክብደቱንም ግድግዳው አይችለውም። ከነሬሉ (ራክ ላይ የሚይዘው ተንሸራታች ብረት) ካልሰጡህ ደግሞ ዋጋ አስቀንስ፤ ሬል ለብቻው ፍለጋ መዞር አሰልቺ ነው።

ባለመጋዘኑ፦

ለካሁት። 60 ነው።

የጓዳ ሰርቨር፦

መሬት ላይ የሚቆም ራክ እስክታገኝ የእኔን ቻሲስ ውሰድና ላዩ ላይ ደርድራቸው። አሁን ረከቦት ነው የተቀመጠበት።