መኪና በክሬዲት ካርድ ገዝቶ ፖይንት መሰብሰብ ያዋጣል?

ጀማሪ_ሾፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ያላችሁና የካርድ ነገር የገባችሁ ብትረዱኝ። ከዲለር (መኪና ሻጭ ድርጅት) 26,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና ልገዛ አስቤያለሁ። 6,000ውን ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) ከፍዬ 20,000ውን በ5 ዓመት ብድር ልይዘው ነው። ዳውን ፔይመንቱ ባንክ ተቀምጧል። በ3 ወር ውስጥ 5,000 ዶላር ላወጣበት 750 ዶላር ቦነስ የሚሰጥ ካርድ አይቻለሁ። ካርዱን አውጥቼ ዳውን ፔይመንቱን በሱ ልክፈልና ዕዳውን ወዲያው ከባንኬ ልዝጋው? ሙሉውን ዋጋስ በካርድ የሚቀበል ዲለር ይኖራል?

ቆጣቢው፦
ሙሉውን እርሳው፣ ወንድሜ። የሚቀበል አልፎ አልፎ ይገኛል፣ ግን በሱ ላይ ተመሥርተህ አታቅድ። ዲለሩ ካርድ በተቀበለ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ለካርድ አቀናባሪው ይከፍላል። በ26,000 ላይ ሲሰላ ከ520 እስከ 780 ዶላር ይሆናል፣ ይህም በቀጥታ ከትርፉ ላይ የሚነሳ ነው። ብዙዎቹ ካርድ የሚቀበሉት እስከ 3,000 ወይም 5,000 ዶላር ድረስ ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ።

ሻጩን አትጠይቀው፤ እሱ ሁሉንም «ይቻላል» ነው የሚልህ። ስልክ ደውለህ ሒሳብ ክፍሉን ወይም ገንዘብ ያዧን ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ለዳውን ፔይመንት በካርድ እስከ ስንት ትቀበላላችሁ? በካርድ ስከፍል የምትጨምሩት ክፍያ አለ? ከዚያ በኋላ ዋጋ ስትደራደር የካርድን ነገር አታንሳ። ታክሱ፣ የሰነድ ክፍያውና የሰሌዳው ሁሉ የገባበትን የመጨረሻ ዋጋ በጽሑፍ ከያዝክ በኋላ ካርድህን ማውጣት ትችላለህ። ቀድመህ ከተናገርክ እነዚያን 2 እና 3 በመቶ ዋጋው ውስጥ ይደብቁልሃል።

ፐርሰንቴጅ፦
ቆጣቢው ያለው ትክክል ነው፣ ግን ከዲለሩ በፊት የሚመጣ ጉዳይ አለ፤ ብድሩ። አዲስ ካርድ ስታመለክት ክሬዲትህ (የብድር ታሪክህ) ይታያል፣ ስኮርህም (ለብድር ያለህን ታማኝነት የሚለካው ቁጥር) ጥቂት ነጥብ ይወርዳል። የመኪና ብድር ለማወዳደር በ14 ቀን ውስጥ ብዙ ቦታ ብታመለክት ስኮሩ እንደ አንድ ጥያቄ ነው የሚቆጥረው፤ የካርድ ማመልከቻ ግን ለብቻው ይቆጠራል። ስኮርህ በሁለት የወለድ ደረጃዎች ድንበር ላይ ካለ፣ ቦነሱን ብድሩ ይበላዋል። 20,000 ዶላር በ60 ወር በ7 በመቶ ወለድ ብትወስድና በ8 በመቶ ብትወስድ ልዩነቱ በጠቅላላው 570 ዶላር ገደማ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን (የቁጠባና ብድር ማኅበር) የብድር ማረጋገጫ ያዝ፣ የወለዱን መጠን አስወስን፣ ከዚያ ካርዱን አውጣ። አንድ ነገር ግን አበዳሪውን ጠይቀው፦ አንዳንዶቹ ዳውን ፔይመንቱ በክሬዲት ካርድ እንዲከፈል አይፈቅዱም፤ ለነሱ እሱም ብድር ነውና።

የ3 ወሩ ቆጠራ በብዙ ባንኮች የሚጀምረው ካርዱ ከጸደቀበት ቀን ነው እንጂ ፖስታው ቤትህ ከገባበት ቀን አይደለም። መኪናው ገና በትዕዛዝ የሚመጣ ከሆነ ካርዱን አሁን አታውጣ።

ጀማሪ_ሾፌር፦
በጣም አመሰግናለሁ። ደወልኩ፤ እስከ 5,000 እንቀበላለን፣ ግን 3 በመቶ እንጨምራለን አሉኝ። ይህ ሕጋዊ ነው? አሁንስ ያዋጣል?

ቆጣቢው፦
በአብዛኛው ስቴት ይፈቀዳል። ማሳቹሴትስና ኮኔቲከት ግን ይከለክላሉ። ቪዛ ከ2023 ጀምሮ ጣሪያውን 3 በመቶ አድርጎታል፣ ነጋዴውም እሱ ራሱ ከሚከፍለው በላይ እንዲያስከፍል አይፈቅድም። ክፍያው ደረሰኙ ላይ ለብቻው መጻፍ አለበት። በዴቢት ካርድ ላይ ግን መጨመር አይችሉም፣ ማሽኑ ላይ «ክሬዲት» ብለው ቢያሳልፉትም።

ሒሳቡ ይኸው። 5,000 ላይ 3 በመቶ 150 ዶላር ነው። ቦነሱ 750 ስለሆነ 600 ይተርፍሃል፣ ካርዱ በ1 ዶላር 1 ሳንቲም የሚመልስ ከሆነ ሌላ 50 ገደማ ይጨመርበታል። ዓመታዊ ክፍያ ካለው እሱን ቀንስ። ቦነስ በሌለው የ2 በመቶ ካርድ ብትከፍል ግን 100 አግኝተህ 150 ትከፍላለህ፣ ማለትም 50 ዶላር ከሰርክ። የቀረችውን 1,000 በባንክ ቼክ ስጣቸው፣ ከ5,000ው በላይ በካርድ መክፈል ምንም አይጨምርልህም።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ዲለሩ ከ3,000 በላይ አልቀበልም ካለ የቀረውን 2,000 ለመሙላት የ6 ወር የመኪና ኢንሹራንስን በአንዴ በካርድ መክፈል ጥሩ ነው። ብዙ ኩባንያዎች በካርድ ስለከፈልክ አይጨምሩብህም፣ በአንዴ ስትከፍል ቅናሽ የሚያደርጉም አሉ።

የስቴትመንት_ቀን፦
የክፍያው ቀን ላይ ስለሚያጋጥመው ነገር ልጨምር። አዲስ ካርድ ላይ ድንገት 5,000 ዶላር ሲመጣ የባንኩ የማጭበርበር መከላከያ ሊያግደው ይችላል። አስቀድመህ ደውለህ ንገራቸው፣ ስልክህንም አጠገብህ አድርግ። ማረጋገጫ ቴክስት ሲመጣ «አዎ» ብለህ መልስ፣ ከዚያ ዲለሩ እንደገና ያሳልፈው፤ የታገደው ራሱ ተመልሶ አያልፍም። ከመሄድህ በፊት የካርዱን ሊሚት (የብድር ጣሪያ) እይ። 5,000 ሊሚት ያለው ካርድ 5,150 አያሳልፍም።

ሊሚቱ 6,000 ከሆነ ደግሞ ከ85 በመቶ በላይ ተጠቀምክ ማለት ነው፣ ይህም ስኮርህን ያወርዳል። ባንኩ ለክሬዲት ቢሮዎች (የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡ ድርጅቶች) የሚያሳውቀው አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንት (የወሩ የሒሳብ መግለጫ) በሚዘጋበት ቀን ያለውን ዕዳ ነው፤ የመክፈያውን ቀን አትጠብቅ፣ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሦስት አራት ቀን በፊት ክፈል። በተለይ ቤት ልትገዛ ካሰብክ ይህን አትዘንጋ። ዕዳውን ሳትከፍል ካሳለፍከው በ24 በመቶ ወለድ 5,000 ዶላር በወር 100 ዶላር ያስከፍልሃል። በዚያ ላይ ወለድ የማይታሰብበት ጊዜ ይቀርብህና በካርዱ የምትገዛው ቡና እንኳ ከገዛህበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል።

ግዢው ፈርሶ ዲለሩ ገንዘቡን ወደ ካርዱ ከመለሰ ቦነሱም ይመለሳል፤ ባንኩ ፖይንቱን ይቀንሳል።

ፐርሰንቴጅ፦
አንድ የቀረ ነገር። ዲለሩ በመጨረሻ ሐሳቡን ቀይሮ «ካርድ አንቀበልም፣ ቼክ ብቻ» ካለህ፣ የካርዱ ባንክ በፖስታ የሚልካቸውን ቼኮች እንዳትጠቀም። እነሱ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ነው የሚቆጠሩት፦ ከ3 እስከ 5 በመቶ ክፍያ አላቸው፣ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፣ ለቦነሱም አይቆጠሩም። ያኔ ከራስህ ባንክ ቼክ አሠርተህ ክፈል፣ 5,000ውን በኢንሹራንስና በሌላ መደበኛ ወጪ ሙላው።