የሥዕልና የፎቶ ሂስ፦ «ገለጻ ብቻ ነው» ተብሎ የተመለሰ ጽሑፍ እንዴት ይስተካከላል?

የሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለሥነ ጥበብ ኮርስ ሦስት ሥራዎች መርጠን በእያንዳንዱ ላይ 300 ቃል ያህል ሂስ እንድንጽፍ ታዘን ነበር። የኔ ሦስቱም «ገለጻና ስሜት ብቻ ነው፣ ሂስ የለውም» ተብለው ተመለሱ። እስከ ሰኞ አስተካክዬ ላስገባ ነው። ከየጽሑፉ ትንሽ ትንሽ ላስቀምጥላችሁ።

የመጀመሪያው በባህላዊ አሣሣል የተሠራ የዐድዋ ጦርነት ሥዕል ነው። የጻፍኩት፦ «ሥዕሉ በጣም ደማቅና ውብ ነው። ሠዓሊው ግን ርቀትን ማሳየት ስላልቻለ ሰዎቹ ሁሉ አንድ ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ።»

ሁለተኛው አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ በ1936 እ.ኤ.አ. ያነሳችው «ስደተኛዋ እናት» የሚባለው ፎቶ፦ «አገሯን ጥላ የተሰደደች እናት ጭንቀት ልብ ይነካል።»

ሦስተኛው እዚሁ ሐዋሳ አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ነው። አሣ አጥማጅና ጀልባው ጥቁር ሆነው ይታያሉ፣ ከኋላቸው ውሃው ላይ ዝቅ ያለች ፀሐይ አለች። «አዲስ ቀን ሲጀምር ያለውን ተስፋ ያሳያል» ብያለሁ።

ገለጻው የት ያበቃል፣ ሂሱ የት ይጀምራል? «ውብ ነው» ማለትስ ጨርሶ አይቻልም? ሁለቱን ደግሞ የማያቸው ስልኬ ላይ ነው፤ ችግር አለው?

ሸራና ቀለም

እህቴ፣ ከሦስቱ በጣም መስተካከል ያለበት የዐድዋው ነው። «ርቀትን ማሳየት ስላልቻለ» ስትዪ ሠዓሊው ሊያደርገው ያልፈለገውን ነገር አላደረገም ብለሽ ከሰስሽው። በዚህ አሣሣል የሰው መጠን የሚወሰነው በቅርበትና በርቀት ሳይሆን በክብር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥላቸው ሥር ከውጊያው ራቅ ብለው ቢቆሙም አያንሱም። ሥራውን በራሱ ደንብ መጀመሪያ አንብቢው፤ ከዚያ በኋላ ደንቡን መቃወም መብትሽ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመጻፍሽ በፊት 10 ደቂቃ ሥዕሉን ብቻ እዪ። ከዚያ 20 መስመር ጻፊ፣ እንደ «ውብ» ያለ የፍርድ ቅጽል ሳታስገቢ፦ «ከላይ መሃል ላይ ነጭ ፈረስ የጋለበ ቅዱስ ጊዮርጊስ»፣ «በስተግራ የኛ ሠራዊት፣ በስተቀኝ ጣልያን»፣ «እቴጌይቱ በፈረስ ላይ»። ብዙ ሰው አምስተኛው መስመር ላይ ያልቅበታል፤ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ቀጥሎ ከየመስመሩ አጠገብ አንድ ጥያቄ አስቀምጪ፦ ይህ ነገር ሌላ ቦታ ወይም በሌላ መልክ ቢሳል ኖሮ ምን ይቀየር ነበር? ገለጻ ወደ ሂስ የሚሻገረው እዚህ ጋ ነው።

በምሳሌ ላሳይሽ። ፊቶቹን በቅርብ እዪ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል፣ ኃጥእና ሰይጣን ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ። በብዙ የዐድዋ ሥዕሎች የጣልያን ወታደሮች በጎን የተሳሉት በዚህ ልማድ ነው። ያንቺ ሥዕል ላይ በስተቀኝ ስንት ፊት በጎን፣ ስንቱ ፊት ለፊት እንደተሳለ ቁጠሪ፤ ልማዱን የማይጠብቁ ሥዕሎችም ስላሉ በጥቅሉ አትጻፊ። ከቆጠርሽ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በስተግራ ያሉት ተዋጊዎች ሁለት ዓይናቸው ሲታይ፣ በስተቀኝ ያሉት በጎን ስለተሳሉ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ሠዓሊው የቤተ ክርስቲያንን ደንብ ወደ ጦር ሜዳ አምጥቶ ውጊያውን የጻድቅና የኃጥእ ፍልሚያ አድርጎታል።» ከዚህ ተነስተሽ «ይህ አሣሣል ከወደቀው ወታደር ላይ ሰውነቱን ይገፍፋል» ብትዪ እንኳ ማስረጃሽ ሥዕሉ ላይ ስላለ ማንም አይመልስብሽም።

ቅዱስ ጊዮርጊስንም «ሃይማኖታዊ ጌጥ» ብለሽ አትለፊው። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ ወር በገባ በ23 ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። ሰማይ ላይ ያለው ፈረሰኛ ድሉን ለማን እንደሰጡት ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ይናገራል።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ታሪኩን መተረክ። ከ300 ቃል 200ው የዐድዋ ታሪክ ከሆነ ስለ ሥዕሉ ምንም አልጻፍሽም። ለታሪኩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እኔ ብሆን 30 ቃል ለሥራው ማንነት፣ 90 ለገለጻ፣ 120 ለትንተናና ለትርጓሜ፣ 60 ለፍርድ እመድባለሁ።

ጨለማ ክፍል

ስለ ፎቶዎቹ እኔ ልጨምር። ከካፌው ልጀምር፣ እሱ ላይ የሐቅ ስህተት ሊኖር ይችላል።

ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ከከተማው ዳርቻ ቆሞ ወደ ውሃው የተነሳ ፎቶ ላይ ፀሐይ ውሃው ላይ ዝቅ ብላ ከታየች፣ እየጠለቀች ነው እንጂ እየወጣች አይደለም። ጠዋት ብትሆን ፀሐይ ከአንሺው ጀርባ ሆና የአጥማጁን ፊት ታበራው ነበር። ስለዚህ «አዲስ ቀን ሲጀምር» የሚለው ምናልባት ማምሻ ነው። ምናልባት ያልኩት ፎቶው ከወዲያኛው ዳርቻ ወደ ከተማው ተነስቶ ሊሆን ስለሚችል ነው። ካፌው ሄደሽ ከጀልባው ኋላ ያለውን አድማስ እዪ፦ ሕንፃ ካለ ወደ ከተማው የተነሳ የጠዋት ፎቶ ነው፣ ባዶ ኮረብታ ከሆነ ማምሻ ነው። ትርጓሜሽ ሙሉ በሙሉ በዚህ ላይ ነው የቆመው።

አጥማጁ ለምን ጠቆረ? ካሜራው የተለካው ለሰማዩ ብርሃን ስለሆነ ነው፤ ሰውየው ላይ ቢለካ ፊቱ ይታይ ነበር፣ ሰማዩ ግን ነጥቶ ይጠፋ ነበር። አንሺው አንዱን መምረጥ ነበረበት፣ ሰማዩን መረጠ። ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለው ቅርጽ እንጂ ማንነቱ የሚታወቅ ሰው አይደለም። የፀሐይዋንም መጠን በማስመሪያ ለኪ። በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስል የሚቀረጽበት ክፍሉ 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነ) በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያልተቆረጠ አግድም ፎቶ ላይ ፀሐይ ከፎቶው ቁመት 1/50 ገደማ ብቻ ናት፤ በ400 ሚሊ ሜትር ግን 1/6 ትደርሳለች። ትልቅ ከሆነች አንሺው ሩቅ ቆሞ በረጅም ሌንስ (ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ) ነው ያነሳው፣ ወይም ፎቶው ኋላ ላይ ተቆርጧል። ለአጥማጁ ያለው ቅርበት እውነተኛ አይደለም ማለት ነው፣ ይህም ሊጻፍ የሚገባው ነጥብ ነው።

የላንግ ፎቶ ላይ ያሳሳተሽ የአማርኛው ርዕስ ነው። «ስደተኛ» ስንል አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነው የሚታሰበን። ሴትየዋ ግን በገዛ አገሯ፣ በአሜሪካ፣ ከእርሻ እርሻ ለቀን ሥራ የምትንከራተት ነበረች፤ ፎቶው የተነሳው ካሊፎርኒያ ኒፖሞ፣ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር ውስጥ ነው። የመጀመሪያው መግለጫ ጽሑፍም ኑሮ ስለከበዳቸው አተር ለቃሚዎች፣ ስለ ሰባት ልጆች እናትና ስለ 32 ዓመት ዕድሜዋ ነው የሚያወራው። ከርዕስ በፊት መግለጫ ጽሑፉን ፈልጊ።

«ጭንቀት ልብ ይነካል» ያልሽውን ደግሞ በሚታይ ነገር ደግፊው። ሁለቱ ትልልቆቹ ልጆች ፊታቸውን ከካሜራው አዙረው ትከሻዋ ላይ ተደግፈዋል፤ ስለዚህ ዓይናችን የሚያርፍበት ግልጽ ፊት የእናቲቱ ብቻ ነው። እሷም ካሜራውን አታይም። ቀኝ እጇ ጉንጯ ላይ ነው። የድንኳኑ ዙሪያ ከክፈፉ ውጭ ቀርቷል፣ ላንግ በዚያው ቀን ያነሳቻቸው ሌሎች ክፈፎች ላይ ግን ይታያል። አሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ስላሉ አስተያዪአቸው። በስተቀኝ ታች ጥግ የድንኳኑን እንጨት የያዘ አውራ ጣት ነበር፣ ኋላ ላይ ከኔጋቲቩ (ፎቶው ከሚታተምበት ዋናው ፊልም) እንዲደበዝዝ ተደርጓል። ላንግ የምትሠራው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበርና፣ የመዝገብ ፎቶ ላይ እንዲህ ማድረግ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ለፍርዱ ክፍል ጥሩ ጥያቄ ነው።

የሰሌዳ ልጅ

በሸራና ቀለም ሐሳብ አብዛኛው ላይ እስማማለሁ፣ የቃል ክፍፍሉ ላይ ግን አይደለም። መጀመሪያ ገለጻ፣ ከዚያ ትንተና፣ ከዚያ ትርጓሜ፣ ከዚያ ፍርድ የሚለው ቅደም ተከተል ለማሰብ እንጂ ለመጻፍ አይደለም። በዚያ ሥርዓት የተጻፈ ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹ 120 ቃላት ዕቃ ቆጠራ ይሆናሉ። ጭብጡን መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ አስቀምጪና ከሥዕሉ የምትገልጪው ለዚያ ጭብጥ የሚያስፈልገውን ብቻ ይሁን።

«ውብ» አልተከለከለም። ግን በምን መስፈርት? በቅንብር፣ በቀለም ቅንጅት፣ በእውነተኝነት፣ በአዲስነት? መስፈርቱን ሳትጠሪ ከፈረድሽ አንባቢው ሊከራከርሽ አይችልም፣ ሊከራከሩበት የማይቻል ነገር ደግሞ ሂስ አይባልም።

ስልክ ችግር አለው፣ በተለይ መጠን ላይ። ሞና ሊዛ 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ናት፣ የፒካሶ ጌርኒካ 3.49 በ7.77 ሜትር። ስልክ ላይ ሁለቱም መዳፍሽ ላይ ያርፋሉ። መጠኑን ከሙዚየሙ ገጽ ፈልጊና በሜትር ግድግዳ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊ፣ ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብለሽ ቁሚ። ስለ ቀለም ከመጻፍሽ በፊት ደግሞ የስልኩን የማታ ብርሃን አጥፊ፤ ነጩን ሁሉ ቢጫ ያደርገዋል። ከሁለት የተለያዩ ምንጮች አውርደሽ አስተያዪ፣ ቀይ አንዱ ላይ ደም መሳይ፣ ሌላው ላይ ሸክላ መሳይ ከሆነ ስለ ቀለሙ ዓይነት በእርግጠኝነት አትጻፊ።

የሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ካፌው ሄጄ አየሁት፣ ከጀልባው ኋላ ኮረብታ ብቻ ነው፣ ሕንፃ የለም። እንዲህ ቀየርኩት፦ «ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ እየጠለቀች ነው። ካሜራው ለሰማዩ ስለተለካ አጥማጁ ፊት የለውም። አንሺው የአጥማጁን ድካም መደበቅ ፈልጓል።» ይሄስ?

ጨለማ ክፍል

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥሩ ናቸው። ሦስተኛው ላይ «ፈልጓል» የሚለውን አውጪ፤ የአንሺውን ሐሳብ ከፎቶው ማወቅ አይቻልም። «ፎቶው የሥራውን ድካም ሳይሆን የምሽቱን ውበት ያስቀድማል» በዪው፤ ያንን ማንም ሰው ግድግዳው ላይ ሄዶ ማረጋገጥ ይችላል። ፎቶው ላይ ፊርማ ከሌለ «አንሺው ያልተገለጸ» ብለሽ ጻፊ፣ መጠኑንም በሜትር ለክተሽ አስገቢው።