«ቀነስ በይ» ስድብ ነው?

እናት ከማራኪ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። በሰፈሩ የኪነት ቡድን እስክስታ ትወርዳለች። ቅዳሜ ከልምምድ መጥታ እራት አልበላም አለች። አሰልጣኙ በሁሉም ፊት «ቀነስ በይ፣ ለጥምቀት ቀሚሱ አይገባሽም» ብሏታል። ቀሚስ ነው በልጅ ልክ የሚሰፋው ወይስ ልጅ በቀሚስ ልክ?

ጌትዬ፦ እትዬ፣ «ቀነስ በይ» ደግሞ ስድብ ሆነ? መድረክ እኮ ነው! እኔ 10 ዓመት ጨፍሬያለሁ። አሰልጣኛችን በአለንጋ ነበር የሚያናግረን። አልሞትንም።

የአራዳው፦ 10 ዓመት? ከበሮ ተሸካሚ አልነበርክም እንዴ?

ጌትዬ፦ ከበሮ መምታትና መሸከም ይለያያል።

የአዘዞዋ፦ አንተን ማን መቀነት ለካህ? እኛ ጋ መቀነቱ ላይ የእስክሪብቶ ምልክት ነበር። ሰኞ ሰኞ መቀነቱ ይታሰርብናል። ምልክቱ ላይ ያልደረሰላት ከኋላ ትሰለፋለች። እኔ ሁሌም ከፊት ነበርኩ። 4 ወር የወር አበባ ቀረብኝ። እናቴ ምን እንደጠረጠረች እናንተው ገምቱ።

ጌትዬ፦ የነቢያት ጾም ላይ ነን። ልጅቷ ጾማ ቢሆንስ? 55 ቀን ሁዳዴ የጾመ ማን ታመመ?

ነርሷ፦ ጾም መፍቻ ቀን አለው። የዚህኛው መፍቻ መቼ ነው? እንደውም ጾም ጥሩ መደበቂያ ነው፤ «ጾመኛ ነኝ» ያለችን ልጅ ማን ብይ ይላታል? ጉልበቷ በልምምድ እያለቀ ካልበላች ሰውነት የወር አበባን ይዘጋል። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲወርድ አጥንት ይሳሳል። አጥንት ደግሞ በብዛት የሚገነባው በዚሁ ዕድሜ ነው። የግድ ከስታ መታየት የለባትም። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ የስፖርተኞች ችግር ስም አውጥቶለታል።

ጌትዬ፦ እስክስታ ባህል ነው እንጂ ስፖርት አይደለም።

ነርሷ፦ ይህን ለአጥንቷ ንገርልኝ።

ቀበሌ 18፦ ባህል ካላችሁ የድሮ ሰው የሚወደው ሞላ ያለችዋን ነበር። ዘፈኑ ሁሉ ዳሌ ነው። ቅጥነቱን ያመጣው ቲክቶክ ነው።

የአዘዞዋ፦ ዳሌ መለካትና ወገብ መለካት ምን ለያቸው? ሜትሩ ያው ነው።

ቀበሌ 18፦ ዘፈን ሊከለከል ነው በሉኛ!

የአራዳው፦ ወደ «ቀነስ በይ» እንመለስ። ጌትዬ ራሱ ቦርጩን መቼ ነው ቀነስ የሚያደርገው?

እናት ከማራኪ፦ እናንተ ሳቁ። ሽሮዋ ቀዝቅዟል፣ በሯንም ዘግታለች።

ጌትዬ፦ እትዬ፣ ቀሚሱን ይላኩልኝ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ በጎን በኩል ትለቀዋለች። ግን ስድብ አይደለም።