አይስክሬም ቤቱ ተመልሶ ተከፍቷል፤ እኛስ እንመለስ?

ጠያቂ፦ የፈረንጅ አራዳ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ አይስክሬም ቤት ደንበኛ ከሆንኩ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ይሆነኛል። የመጀመሪያ ልጄ ትምህርት ቤት የገባች ዕለት ኮን የገዛሁላት እዚያ ነው፤ ዛሬ እርሷ ራሷ ነፍሰ ጡር ናት።

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ልደት ሲከበር አይስክሬሙ ከዚያው ቤት መጣ። በዚያው ምሽት ከበሉት ልጆች ሰባቱ አስመለሳቸው፣ ተቅማጥም ያዛቸው፤ ሁለቱ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ጤና ጣቢያ አደሩ። ሁሉም ድነዋል፣ ተመስገን። በልደቱ ላይ ሌላም ምግብ ስለነበረ፣ ከአይስክሬሙም የተረፈውን ማንም ስላላስመረመረ፣ ጥፋቱ የዚያ ቤት ነው ብዬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ይሁን እንጂ ቤቱ ሳምንት ሳይሞላ ተዘጋ፤ ከሁለት ወር በኋላ ግድግዳው ተቀብቶ፣ አዲስ ማቀዝቀዣ ገብቶለት ተከፈተ። ስለሆነው ነገር ግን ባለቤቱ አንድም ቃል አልተናገረም። በተከፈተ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። ከታመሙት ልጆች የአንዱን አባት እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሞ አየሁት።

ይህን እያብሰለሰልኩ ሳለሁ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ስለሚገኘው ብሉ ቤል ስለተባለው አይስክሬም አምራች አነበብኩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ምርቱ ሊስቴሪያ በተባለ ባክቴሪያ ተበክሎ በአራት ግዛቶች አሥር ሰዎች መታመማቸው ተረጋገጠ፤ ሦስቱ ሞቱ። ድርጅቱ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ምርቱን በሙሉ ከገበያ ሰበሰበ፤ በነሐሴ መጨረሻ ወደ መደብሮች ሲመለስ ሕዝቡ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ ጠበቀው። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ደንበኛ እንዲህ የሚመለሰው ምን አይቶ ነው? እኔስ ወደ ለመድኩት ቤት ለመመለስ ምን ማየት፣ ምን መጠየቅ አለብኝ?

መልስ 1፦ የሂርማታ ታዛቢ

እናታችን፣ በእኔ አስተያየት ሰው የሚመለሰው ምንም አይቶ አይደለም። ብሉ ቤል ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ድርጅት ነው፤ ለቴክሳስ ሰው የአያቱ ቤት ትዝታ ነው። እኛም ዘንድ ደንበኝነት ከዕቃው በላይ ነው። ባለሱቁ ወር እስኪደርስ በዱቤ ይሰጠናል፣ ምራቂ ይጨምርልናል፣ ለቅሶ ይደርሰናል። ጥሬ ሥጋ እንኳ የምንበላው የሐኪም ማኅተም ፈልገን ሳይሆን ሥጋ ቆራጩን አምነን ነው። ስለዚህ ያ አባት ልጁን የጠላ ወይም የረሳ ሰው አይመስለኝም፤ ከሰውየው ጋር መቀያየም ከብዶት ይሆናል። እኔ ብሆንም ሳልሰለፍ አልቀርም ነበር፤ ይህን የምለው በኩራት አይደለም።

መልስ 2፦ ወተትና ሙቀት

በጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተምሬ አሁን በወተት ሥራ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። ጉዳዩ ሙያዬ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ ይደረግልኝ።

በመጀመሪያ ሁለቱን ነገሮች እንለያቸው። ልጆቹ በዚያው ምሽት ከታመሙ፣ ከአይስክሬሙም ይሁን ከሌላው ምግብ፣ ሊስቴሪያን አልጠረጥርም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያስመልስ መመረዝ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሠራተኛ እጅ፣ ከቁስል ወይም ከአፍንጫ ወደ ምግብ ከሚገባው ስታፊሎኮከስ ከተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ በቆየባቸው ሰዓታት መርዝ ያመርታል፤ መርዙ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቢቀዘቅዝም ሆነ ቢፈላ አይጠፋም። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ የነበረ አይስክሬም መብራት ሲመጣ ተመልሶ ሲጠጥር መልኩ ያው ነው፣ ጣዕሙም ያው ነው። በከተማችን ከሁሉ አስቀድሜ የምፈራው ይህንን ነው።

ሊስቴሪያ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገቱ እርሱ በ4 ዲግሪ እንኳ ቀስ እያለ ይራባል። በረዶ ሆኖ ሲጠጥር ደግሞ መራባቱን ያቆማል እንጂ አይሞትም። የሚገድለው ሙቀት ነው፤ የአይስክሬም ድብልቅ በ69 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ከቆየ ያልቅለታል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ወተቱን ማፍላቱ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ከፈላ በኋላ ነው። ሊስቴሪያ እርጥበት ይወዳል፤ በወለል ፍሳሽ ጉድጓድ፣ በማሽን መገጣጠሚያ ስንጥቅ፣ ከጣሪያና ከቧንቧ በሚንጠባጠብ ጤዛ ውስጥ ይሰፍርና አንዴ የተጣራውን ድብልቅ መልሶ ይበክለዋል። በብሉ ቤል ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። በኦክላሆማ ግዛት በሚገኘው ፋብሪካው ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወለልና በመሣሪያ ዙሪያ በተደረጉ የድርጅቱ በራሱ ምርመራዎች ባክቴሪያው በተደጋጋሚ ተገኝቶ ነበር፤ ምርቱ ግን መሸጡን ቀጠለ።

ደንበኞች ይህን ሊያውቁ ይችሉ ነበር? በጭራሽ አይችሉም። ሊስቴሪያ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ሕመሙ እስከ 70 ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ ከሁለት ወር በፊት ማክሰኞ ዕለት ምን እንደበላ የሚያስታውስ ማን አለ? የብክለቱ ፍንጭ የተገኘው በሳውዝ ካሮላይና ግዛት በአንድ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ባለሙያዎች እንደ ወትሯቸው ናሙና ወስደው ሲመረምሩ ነው እንጂ ደንበኛ አቤት ብሎ አይደለም። ከዚያ የባክቴሪያው የዘር አሻራ ከቀድሞ ሕሙማን መዝገብ ጋር ሲነጻጸር ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታመሙ ሰዎች ተገኙ። በካንሳስ ግዛት አምስት ሰዎች በሌላ ሕመም አንድ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ በሽታው ይዟቸዋል። ከእነርሱ አራቱ በዚሁ አይስክሬም የተሠራ ሚልክሼክ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ መጠጣታቸው ታውቋል። ሦስቱ ሟቾች የካንሳስ ሰዎች ናቸው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው «አሥራ አምስት ዓመት በልቼ አንድ ቀን አላመመኝም» የሚለው ማስረጃ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ለማሳየት ነው። ጤነኛ ጎልማሳ የተበከለውን በልቶ ምንም ላይሰማው ይችላል። ነፍሰ ጡር፣ አራስ ሕፃን፣ አረጋዊና የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ግን ይጎዳል። ለእናቲቱ ቀለል ያለ ትኩሳት ብቻ የሚመስል ሕመም ፅንሱን ሊያስወርድ ይችላል። ስለዚህ ልጅዎ እስክትወልድ ድረስ ያልፈላ ወተትና በዚያ የተሠራ አይብ፣ አሠራሩን የማታውቀውንም አይስክሬም ብትተው ይሻላል። ይህን የምለው ስለ አንድ ቤት አይደለም።

መጠየቅ ያለብዎት ጥያቄ ደግሞ አጭር ነው። ድብልቁ ይፈላል ወይ? ከፈላ በኋላ ውኃ ይጨመርበታል ወይ፣ ውኃውስ ከየት ነው? መብራት ሲጠፋ የቀለጠው ወዴት ይሄዳል? ማሽኑ ተፈታትቶ የሚታጠበው በስንት ቀን ነው? የግድግዳው ቀለም ከእነዚህ ለአንዱም መልስ አይሆንም።

መልስ 3፦ ባለ እርጎ ቤት

እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ፤ እርጎና አይስክሬም እሸጣለሁ። የተጠየቀው ቤት የእኔ እንዳልሆነ ግን በቅድሚያ ላስታውቅ።

ከላይ የጻፉት ባለሙያ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ዋጋውን ግን አልተናገሩም። ዘንድሮ በክረምቱ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ አንድ ሙሉ ፍሪዘር ደፍቻለሁ። ጎረቤቴ «ደግመህ አጥጥረው፣ ማን ያውቅብሃል?» ብሎ ስቆብኛል። የእርሱ ቤት ዛሬም ሞልቶ ይውላል፤ ደንበኛውም ዋጋውንና የኮኑን ቁመት እንጂ ሌላ አይጠይቀውም። ጄኔሬተር ብገዛ የነዳጁን ዋጋ በኮን ላይ መጨመር ግድ ይሆንብኛል፤ ያን ጊዜ ደንበኛዬ መንገዱን ተሻግሮ ወደዚያኛው ቤት ይሄዳል።

ያ ባለቤት ለምን ዝም እንዳለም ይገባኛል። በጅማ አሉባልታ ከመርካቶ ተነሥቶ አጂፕ እስኪደርስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። «አዎ፣ ማቀዝቀዣዬ ተበላሽቶ ነበር» ብሎ አንዴ ከተናገረ ዕድሜ ልኩን «ልጆቹን የመረዘው» እየተባለ ይጠራል። ዝም ካለ ግን፣ እንዳያችሁት፣ ሰልፉ አስፋልት ይደርሳል። እናንተ ደንበኞች ዝም ያለውን ሸለማችሁት፤ ከዚያ በኋላ እኛን ለምን አትናገሩም ብላችሁ አትውቀሱን። በዚያው በብሉ ቤል ጊዜም 1,450 ሠራተኞች ከሥራ ተሰናብተዋል፤ የፍሳሹን ጉድጓድ ችላ ያሉት እነዚህ ሁሉ ናቸው ማለት ይከብዳል።

መልስ 4፦ የሕግ ተማሪ

ባለ እርጎ ቤቱ ወንድሜ ያነሡት ነጥብ ከባድ ነው፤ ነገር ግን መፍትሔውን ከሰልፉ መጠበቅ የለብንም ባይ ነኝ። ሰልፉ በነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. ይቅር አለ፤ ሕግ ግን ቀስ ብሎ ደረሰ። በ2019 እ.ኤ.አ. የዴላዌር ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የብሉ ቤል ባለአክሲዮን ያቀረበው ክስ እንዲቀጥል ፈቀደ። ምክንያቱ የሚገርም ነው፦ ከአይስክሬም በቀር ሌላ የማይሸጠው ድርጅት የዳይሬክተሮች ቦርዱ የምግብ ደኅንነትን የሚከታተልበት ሥርዓት ነበረው የሚያሰኝ ነገር በቃለ ጉባኤዎቹ አልታየም። በ2020 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ የተበከለ ምርት በመላኩ ጥፋተኛነቱን አምኖ 17.25 ሚሊዮን ዶላር የወንጀል ቅጣት እንዲከፍል ተወሰነበት። ይህ ሁሉ የሆነው ደንበኛው ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ ነው።

በአገራችንም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለጤና አደገኛ የሆነ ምግብ መሸጥን ይከለክላል። በሸማችነቱ የተጎዳ ሰው ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ መብት ያለ ማስረጃ ብዙ አያስኬድም። ሰባት ልጆች በአንድ ምሽት ሲታመሙ የተረፈውን አይስክሬም በንጹሕ ዕቃ አሽጎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ፣ ደረሰኝ ካለ መያዝ፣ ለሐኪሙ «ሰባት ነን፣ ከአንድ ገበታ በልተናል» ማለት፣ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር በ8482 መደወል ይገባ ነበር። ባለቤቱም ቢሆን በዚህ ይጠቀም ነበር፤ ምርመራው ነፃ ቢያወጣው ኖሮ በዝምታ አይቀርም ነበር።

ጠያቂ፦ የፈረንጅ አራዳ እናት

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የከበረ ነው። ባለ እርጎ ቤቱ ልጄ፣ «ዝም ያለውን ሸለማችሁት» ያልከው ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ። ስለዚህ ትናንት ከሰዓት፣ ሰው ባልበዛበት ጊዜ፣ ሄጄ ባለቤቱን ለብቻው አነጋገርኩት። በመጀመሪያ ተቆጣ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ እንዲህ ይጠየቃል ወይ አለኝ። እኔም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ካልጠየቅሁ መቼ ልጠይቅ ብዬ መለስኩለት።

በኋላ ረገብ ብሎ እንደነገረኝ፣ ድብልቁን ያፈላል፤ ውኃውን ግን ከታንከር ነበር የሚጨምረው፣ ከፈላ በኋላ። አሁን ያንን ትቻለሁ ይላል። የልደቱ ዕለት መብራት ስንት ሰዓት ጠፍቶ እንደነበር አያስታውስም። አዲሱን ማቀዝቀዣ ከፍቶ የተንጠለጠለውን ቴርሞሜትር አሳየኝ፤ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ይላል። ሙቀቱን በየቀኑ የሚመዘግብበት ደብተርም አለው። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት በጠዋትና በማታ ተጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው።

ልጄ እስክትወልድ እንደማትበላ ወስነናል። ስለ ታናናሾቿ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ከዜሮ በታች 12 ይበቃል?

መልስ 5፦ ወተትና ሙቀት

እየተጨለፈ ለሚሸጥበት ማቀዝቀዣ ይበቃል፤ ከዚያ ከበረደ ማንኪያ አይገባውም። ለሳምንታት ተከማችቶ ለሚቀመጠው ግን ከዜሮ በታች 18 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የኋላው ፍሪዘር ስንት እንደሚል ይጠይቁት። እኔን ያሳሰበኝ ቁጥሩ ሳይሆን ባዶዎቹ ገጾች ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄዱ ከኮኑ በፊት ደብተሩን ያስመጡ። መብራት የጠፋባቸው ቀናት በደብተሩ ላይ ከታዩ፣ ያን ዕለት የተደፋውም አብሮ ከተጻፈ፣ ለታናናሾቹ ይግዙላቸው።